ለሳንታፌ ምን ጎማ? ከማራኪ እስከ መተማ የዘለቀ ክርክር

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ባለ የውይይት ገጽ የጣለው የሦስት ልጆች አባት ነው። ቤቱ ጎንደር፣ ማራኪ፤ ሥራው አዘዞ። መኪናው ሃዩንዳይ ሳንታፌ፣ የጎማው ቁጥር 235/65 አር 17። ዝናቡ ሳይጠነክር አራቱንም ሊቀይር አስቧል። አሜሪካ ያለው የሚስቱ ወንድም ኦል ሲዝን (የሁሉም ወቅት) የሚባለውን እንዲገዛ አጥብቆ መክሮታል። እዚህ ያነጋገረው ሻጭ ደግሞ ጥርሱ የገጠጠ ወፍራም ጎማ አውጥቶ፣ ለእኛ አገር ከዚህ ሌላ እንደማይሆን ነግሮታል። በሁለቱ መሐል ግራ ገባው።

ደግነቱ መንገዱን ዘርዝሮ ነው የጠየቀው። ብዙ ሰው የቱ ጎማ እንደሚሻል ብቻ ይጠይቅና ይጠፋል። እሱ ግን በየቀኑ ልጆቹን ፒያሳ አድርሶ አዘዞ እንደሚወርድ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ባሕር ዳር እንደሚሄድ፣ ለበዓል ደባርቅ ወላጆቹ ጋ እንደሚወጣ፣ ሰሊጥ ሲደርስ ደግሞ በመተማ መንገድ ሸሂዲ ወንድሙ ዘንድ እንደሚዘልቅ አስቀመጠ። ሰባቱ ወንበር ብዙ ጊዜ ሙሉ ነው። የበዓል ሰሞን ጣሪያው ላይ በግ ይጨመራል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ምላሽ በየቁጥሩ ላውጋችሁ። መሐል ላይ እኔም ገብቼበታለሁ።

1ኛው አጭር ነው። ሚሽሊን ገዝቶ እንቅልፉን እንዲተኛ መከረው። 2ኛው በሐሳቡ ተስማማ፤ ዋጋውን ማን እንደሚችለው ግን ጠየቀ። እሱ ራሱ በቻይና ጎማ ዓመታት እንደነዳ፣ አንድም ቀን እንዳላሳፈረው ጨመረ። ሁለቱም የጠያቂውን የመንገድ ዝርዝር ያነበቡት አይመስለኝም።

ወሬው ነፍስ የዘራው 3ኛው ላይ ነው። ጸሐፊው ጎንደር ተወልዶ አሁን ሚኒሶታ የሚኖር ሰው ነው። ኦል ሲዝን ለምን እንደተሠራ በእርጋታ አስረዳ። የበጋው ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን ላስቲኩ ይደርቅና መንገድ መቆንጠጥ ያቅተዋል። የበረዶው ጎማ በብርድም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ሙቀት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። ኦል ሲዝን የሁለቱ አስታራቂ ነው። የሁለቱንም ሥራ ይሠራል፣ የአንዱንም ያህል አይሠራም። ጎኑ ላይ ኤም ፕላስ ኤስ የሚል ካለ ለጭቃና ለበረዶ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ምልክት ግን ፋብሪካው ራሱ ነው የሚያትመው፤ ለማግኘት የግድ የሚያልፈው ፈተና የለም። በፈተና የሚገኘው ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ መሐል የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ነው። ሰውየው ሲጨርስ፣ የሚስቱ ወንድም የመከረው ለራሱ መንገድ እንጂ ለማራኪ እንዳልሆነ በትሕትና ጠቆም አደረገ።

4ኛው ቀልድ ነው። ፋሲል ግንብ በረዶ ለብሶ የሚያሳይ ፎቶ ያለው ካለ እንዲለጥፍለት ለመነ። 5ኛው ደባርቅ የሚኖር የቱሪስት መኪና ሹፌር ነው፤ ቀልዱ አልጣመውም። 3,620 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የስሜን ፓርኩ ጨነቅ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ መስታወት ላይ እንደሚጋገር አስታወሰ። ቢሆንም ስሜን ላይ ጎማ የሚበላው ብርዱ ሳይሆን ድንጋዩ እንደሆነ እሱም ያምናል። ወደ ፓርኩ የሚገባው ኮረኮንች የጎማን ጎን ይቀደዋል። ስለዚህ ኤ ቲ የተባለውን፣ ለኮረኮንችም የሚሆነውን፣ ጥርሱ ትልልቅና ጎኑ ጠንከር ያለውን፣ መረጠለት። ማለትም ከሻጩ ጋር ተስማማ።

6ኛዋ እናት ናት፤ ቤቷ ወደ ቁስቋም መውጫ ላይ ነው። ባሏ ይህንኑ ኤ ቲ ገዝቶ እንደነበር ተናገረች። ደረቅ ኮረኮንች ላይ ግሩም ነበር። ሐምሌ ሲገባ የራሰ ኮብልስቶን ላይ ቁልቁል ስትወርድ መኪናው ፍሬን ይዛም ይንሸራተት ጀመር። አስፋልት ላይ ደግሞ ጩኸቱ ልጆቹን አላስተኛ አለ። ወደ ተራው የአስፋልት ጎማ ሲመለሱ ሁለቱም ቀረ። ከዚያ ጠያቂውን፣ ወንድሜ እያለች፣ በዓመት ከሚነዳው ውስጥ ምን ያህሉ ኮረኮንች እንደሆነ ጠየቀችው። በእኔ ዓይን ከውይይቱ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ጥያቄ ነው። ሌላው ሁሉ የጎማ ስም ሲጠራ እሷ መንገዱን ቆጠረች። ያየችውም ልክ ነው። ትልልቅ ጥርስ ባለው ጎማ ላይ መሬት የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። ጭቃና ጠጠር ላይ ጥርሱ ገብቶ ይይዛል፤ የለሰለሰ እርጥብ ድንጋይ ላይ ግን የሚገባበት የለውም። እዚያ የሚያስፈልገው ብዙ የሚነካ ላስቲክና ውኃውን የሚጨልፉ ጥቃቅን ስንጥቆች ናቸው።

7ኛው አራዳ የሚሠራ ጎሚስታ ነው። ረጅም ነው የጻፈው፤ ፊደሉም ይሳከራል፤ ቢሆንም ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ የእናትየዋን ሐሳብ ደገፈ። ጠያቂው የሚሄድባቸው ባሕር ዳር፣ ደባርቅና ሸሂዲ ዋናው መንገዳቸው አስፋልት ነው። ስለዚህ ኤች ቲ የተባለው የአስፋልት ጎማ ይበቃዋል። ለዚህ ዓይነት መኪና ሲሆን ኤች ቲ እና ኦል ሲዝን ብዙ የሚራራቁ ነገሮች አይደሉም፤ አብዛኛው ኤች ቲ ጎኑ ላይ ኤም ፕላስ ኤስ ታትሞበታል። የሚስቱ ወንድምም በዚህ በኩል አልተሳሳተም።

ቀጥሎ ወደ ቁጥሩ ገባ። ከመጠኑ ጎን 104 ኤች የሚል ሊኖር ይችላል። 104 ማለት አንዱ ጎማ 900 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ ኤች ደግሞ በሰዓት እስከ 210 ኪሎ ሜትር። ማንም እዚህ በ210 አይነዳም፣ ባይነዳም ደስ ይለናል። የጭነቱ ቁጥር ግን ቀልድ አይደለም። 98 የተጻፈበት 750 ኪሎ ነው የሚችለው። ሰባት ሰው፣ የበዓል ኮተትና በግ ሲጫን በአንድ ጎማ 150 ኪሎ መጉደሉ ሜዳ ላይ ያስቀራል። በሩን ከፍቶ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንዲያነብ፣ ከዚያ ቁጥር በታች የሆነ ጎማ በነጻም ቢሰጡት እንዳይቀበል መከረው።

ሦስተኛው ነጥቡ ግን ውይይቱን አቃጠለው። ጎማው ጎን ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ። የፊተኛው ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኛው ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ዓመቱ የፈረንጅ ነው። ብዙ ደንበኛ ይህን እየረሳ በእኛ አቆጣጠር ያነበዋል። 1215 ያለበትን ጎማ አይቶ የ2015 ነው ይላል፤ ከትናንት ወዲያ የተሠራ ይመስለዋል። ጎማው ግን ከፋብሪካ የወጣው በእኛ መጋቢት 2007 ላይ ነው። ዛሬ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል።

8ኛው ይህን ሲያነብ ደሙ ፈላ። ልክ እንዲህ ያለ ጎማ፣ ልክ በዚህ ወሬ፣ እንደተሸጠለት ተናገረ። የሱቁን ስም አልጠራም። ጎማው ጥርሱ ሙሉ፣ ጥቁረቱ የሚያብረቀርቅ ነበር። እንፍራንዝን እንዳለፈ ጎኑ ተተርትሮ አረፈው። ልጆቹ ከኋላ ነበሩ። 9ኛው ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም። ማንበብ ያልቻለ ሰው ሻጭን ሌባ የማለት መብት እንደሌለው፣ ቁጥሩ እንደሁ በግልጽ የታተመ እንደሆነ ጻፈ። ስድብም ጣል አደረገበት።

10ኛው እኔ ነኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም። ሻጩ 2015 የሚለው የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ገዢው እንደማያውቅም ያውቃል። እያወቁ ዝም ማለት ደግሞ ከመዋሸት ብዙ አይርቅም። ይህን ጽፌ የሚጠቅመውን አስከተልኩ። ጎማ ቆሞም ያረጃል። ፀሐይና አየር ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ጎኑ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይጀምራል። አምራቾች ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ 10 ዓመት ከሞላው ጥርሱ ቢተርፍም እንዲጣል ይመክራሉ። አራቱንም ለየብቻ ማንበብ ያስፈልጋል፤ አንዳንዴ ሦስቱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ሆኖ ይገኛል። ስኮርታውን ደግሞ ማንም አያየውም። ብዙዎቻችን የምንዞረው መኪናው ሲገዛ የነበረውን ስኮርታ ይዘን ነው።

11ኛው ከዱባይ የሚመጣ ያገለገለ ጎማ ርካሽ መሆኑን አነሳ። 12ኛው በአንድ መስመር ገደለው፤ የማን መኪና ላይ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ጎማ ለቤተሰብ አይሆንም። 13ኛው ናይትሮጅን ማስሞላት ይጠቅም እንደሆነ ጠየቀ። ከኮምፕሬሰር የሚወጣው ተራ አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን መሆኑን አንድ ሰው ነግሮት በዚያው አለፈ።

14ኛው የመተማ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ድምፁም እንደሚኒባስ ጥሩምባ ነው። ወደ ቆላ ከመውረድ በፊት ከእያንዳንዱ ጎማ አየር መቀነስ ግዴታ እንደሆነ አወጀ። ምክንያቱም ሙቀቱ አየሩን ያሳብጠዋል፣ ጎማው ይፈነዳል። በአርባ አራቱ ታቦት ምሎ ነው የጻፈው። አምስት ሰው ወደደለት። እኔም ይህንን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ።

15ኛው ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ልጄ እያሉ፣ ያለ ቁጣ፣ ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆኑን ጻፉ። በዘመናቸው በመንገዱ ሲፈነዳ ያዩት ጎማ ብዙ አየር የነበረው ሳይሆን የጎደለው ነው። አየር ያነሰው ጎማ ጎኑ ሲተጣጠፍ ይውላል። የተጣጠፈ ላስቲክ ይግላል። በዚያ ላይ ጭነትና ፍጥነት ሲጨመር የውስጥ ክሩ ይላቀቃል። ሳይነሱ በፊት፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ልክ መሙላት ነው፤ ጋለ ብሎ መንገድ ላይ ማስተንፈስ ክልክል ነው።

16ኛው ያው የሚኒባሱ ሹፌር ነው፤ ነገሩን አበላሸው። ጋሼ የነዱት በድሮው የጭነት መኪና፣ በኤንትሬ ዘመን እንደሆነ፣ የዛሬ መኪና ሌላ እንደሆነ መለሰ። አንተ ብሎ ነው የጻፈላቸው። ከሥር ያለው ቁጣ በረታ። ቁጥር ያልቆጠርኩላቸው አጫጭር መስመሮች ዘነቡበት፤ አብዛኛው ስለ ጎማ ሳይሆን ስለ አስተዳደግ ነበር።

ያበረደው 17ኛው ነው፤ የፊዚክስ መምህር ነው። ሒሳቡን ሠራው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። መተማ 700 ሜትር አካባቢ። ጎንደር ላይ 33 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሞላ ጎማ መተማ ሲደርስ፣ የውጭው አየር ስለሚከብድ፣ በመለኪያው ላይ 2 ያህል ይወርዳል። ሙቀቱ ደግሞ በ20 ዲግሪ ቢበልጥ 3 ያህል ይጨምራል። ተደምሮ ሲቀነስ 34 ገደማ ነው። በመንዳት የሚመጣው ሙቀት ከዚህ በላይ ይጨምርበታል፤ በሩ ላይ የተጻፈው ልክ ግን ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው የወጣው። ስለዚህ 5 ፒ ኤስ አይ አስተንፍሶ የሚወርድ ሰው የሚያስወግደው አደጋ የለም፤ አዲስ አደጋ ነው የሚፈጥረው። ከመተማ ሲመለስ የሚሆነው ደግሞ በግልባጩ ነው፤ ከፍታው የመለኪያውን ቁጥር ይጨምረዋል፣ ብርዱ ይቀንሰዋል፣ ተቀራርበው ይጣፋሉ። የሚኒባሱ ሹፌር አልመለሰም። ጋሼ ግን አመስግነው፣ ይህን ሒሳብ ቀድሞ የሚነግራቸው ቢያገኙ ስንት ጭቅጭቅ ይቀርላቸው እንደነበር ጻፉ።

18ኛው ስለ ቁልቁለት ሲወራ ሊማሊሞ ትዝ አለውና ወሬውን ወደዚያ ወሰደው። ጎማው ምንም ይሁን፣ በከባድ ማርሽ ካልወረዱ ፍሬኑ ግሎ እንደሚጠፋ ተረከ። ጥሩ ምክር ነው። 19ኛው መንገዱን ጣልያን እንደሠራው ጨመረ። 20ኛው ደግሞ ድንጋዩን የፈለጠው የማን ጉልበት እንደሆነ ጠየቀ፤ ያ ጥያቄ ሌላ ብዙ መልስ ወለደ። ስለ ጎማ አንድም ቃል የለበትም። 21ኛው በመጨረሻ ሊማሊሞ የሚጀምረው ከደባርቅ ወዲያ መሆኑን፣ ጠያቂው ደግሞ ደባርቅ ላይ እንደሚቆም አስታወሰ። ሁሉም ተመለሰ።

22ኛው ደንቢያ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ነው። ከአስፋልቱ ወጥቶ ዋልካ መሬት ውስጥ ለሚገባ ሰው የትኛውም ጎማ እንደማይደርስለት ተናገረ። ዋልካው የኤ ቲውንም የኤች ቲውንም ጥርስ ይሞላና እኩል ያደርጋቸዋል። ወይ ሰንሰለት ነው፣ ወይ ፀሐይ እስኪወጣ መጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ ጠያቂው ተመለሰ፤ 23ኛው እሱ ነው። ሁሉንም አመሰገነ። አሁን ባለው ገንዘብ ሁለት ብቻ ቢገዛስ? ከፊት ይግቡ ከኋላ? ምነው ባልጠየቀ ያልኩት እዚህ ጋ ነው።

24ኛው ታክሲ ነጂ ነው፤ ያለ ጥርጥር ከፊት አለ። የሚጎትተውም የሚጠመዘዘውም የፊቱ ነው። ብዙ ሰው ተስማማ። 25ኛው ጎሚስታው ነው፤ አዲሱ ከኋላ መግባት አለበት አለ። 26ኛው ጎሚስታዎች ሥራ ለመፍጠር የሚያወሩት እንደሆነ ዘለፈው። 27ኛው የሚኒሶታው ሰው ለጎሚስታው ቆመ። የፊት ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ሲከዳ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ነዳጅ ሲለቁ ፍጥነቱ ይወርድና መሪው ይመለሳል። የኋላው ሲከዳ ግን ጭራው ይዞራል፤ ያንን የሚመልስ ሹፌር ከመቶ አንድ ነው። የጎማ ፋብሪካዎችም ለፊት ጎታች መኪና ሳይቀር ጥርሱ የተሻለው ከኋላ እንዲሆን ይመክራሉ። 28ኛው መምህሩ፣ መኪናው በአራቱም የሚጎትት ከሆነ አዲስና አሮጌ ጎማ ማቀላቀል ራሱ ችግር እንደሆነ አከለ። የአዲሱ ዙሪያ ስለሚሰፋ ዙሩ አይገጥምም፤ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ሳያርፍ ይሠራል። 29ኛው ከ30 ዓመት በላይ ከፊት እያስገባ እንደነዳና እንዳልሞተ ጻፈ። ከእንዲህ ዓይነቱ ማስረጃ ጋር መከራከር ከባድ ነው። እኔ ከጎሚስታው ጋር ነኝ።

30ኛዋ የቁስቋሟ እናት ናት። ሁለት ከመግዛቱ በፊት ያሉትን በደንብ እንዲያይ ነገረችው። በጥርሱ መሐል ከፍ ያለች ትንሽ ድልድይ አለች፤ 1.6 ሚሊ ሜትር ናት። ጥርሱ ከእሷ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ለጎንደር ዝናብ ግን እሷ ጋ እስኪደርስ መጠበቅ የለበትም፤ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ቢቀየር ይሻላል። የሰኔው የመጀመሪያ ዝናብ፣ የበጋውን አቧራና ዘይት ሲያቦካው፣ ከሐምሌው ይብሳል።

31ኛው ላይ ጠያቂው ፎቶ ይዞ መጣ። የፊቶቹ ድልድዩ ላይ ደርሰዋል። የኋለኞቹ ጥርስ አላቸው፤ ግን ጎናቸው ተሰነጣጥቋል፣ ዕድሜያቸውም 8 ዓመት ሆኗል። ስለዚህ አራቱንም ሊቀይር ወሰነ፤ ግማሹን ከወንድሙ ይበደራል። ኤች ቲ፣ 104፣ ዓመቱ በፈረንጅ የተነበበ። ስኮርታውም ከተገኘ አብሮ። አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያ) እንዲያሠራ ጎሚስታው ጨመረለት፤ የፊቶቹ በውስጥ በኩል ብቻ ተበልተው አይቷል።

32ኛው ማክሰኝት የሚኖር ሰው ነው። የሚወልቁትን አራት አሮጌ ጎማዎች ለጋሪ ሊገዛ ጠየቀ። ጠያቂው ዋጋ ጠራ። ጎሚስታው የ17 ቸርኬ ለጋሪ አክስል እንደማይገጥም አስጠነቀቀ። የማክሰኝቱ ሰው ብየዳ የሚያውቅ አጎት እንዳለው መለሰና በውስጥ መስመር እናውራ ብለው ሄዱ።